የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ሱፐርማን አንገት ይሰብራል ወይ?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነው፤ የኮሚክስ ጀግኖች ወደ ፊልም ሲመጡ ባሕርያቸው ተጠበቀ ወይስ ተበላሸ? የፊልምና የኮሚክስ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፊልሞቹን ገና ያላያችሁ ካላችሁ፣ መልሶቻችን መጨረሻቸውን ስለሚያወጡ አይታችሁ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ደብረ ብርሃን የምንማር ጓደኛሞች ነን። የ2013ቱ ሱፐርማን ከገዛ ፕላኔቱ የመጣ ጠላቱን ጄኔራል ዞድን አንገቱን ሰብሮ መግደሉ ለሁለት ከፍሎናል። ግማሾቻችን «ሱፐርማን አይገድልም፣ ባሕርዩን አበላሹት» እንላለን። ሌሎቹ «አንድ ምስኪን ቤተሰብ በዓይኑ ፊት ሊቃጠል ነው፤ ምን ያድርግ?» ይላሉ። እናንተ ፍረዱን።

መልስ፦ «አይገድልም» የሚለው ወገን የትኛውን ሱፐርማን ይዞ እንደሚከራከር አስቀድሞ ይናገር። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ያወጡት ሰውዬ ቁጡ ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ከግድግዳ ጋር ያላትማል። ለጥቅም ሲል ፖለቲከኛ የሚያባብል አንድ ደላላን ደግሞ አንጠልጥሎ የስልክ ሽቦ ላይ እየሮጠ ነፍሱን ያወጣዋል። ትሑቱና ለስላሳው ሱፐርማን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በ1988 ደግሞ ጆን በርን በጻፈውና በሳለው የ«ሱፐርማን» ኮሚክስ ቁጥር 22 ላይ ሱፐርማን ዞድንና ሁለት ግብረ አበሮቹን ለወገኖቹ መርዝ በሆነው አረንጓዴ ክሪፕቶናይት ገድሏቸዋል። እንግዲህ «ገድሎ አያውቅም» ብሎ በኮሚክሱ መማል አያዋጣም።

ይህን ሰምቶ ግን ሌላው ወገን እልል እንዳይል። በኮሚክሱ ያ ግድያ ዕዳ ሆኖ ተከትሎታል። ጸጸቱ አእምሮውን አናወጠው፤ ለሰው አደጋ መሆኑን ሲረዳም ምድርን ትቶ ወደ ጠፈር ተሰደደ። አንባቢው ይህን ስቃይ በብዙ ዕትሞች ተከታትሏል። በ2013ቱ ፊልም ግን ሱፐርማን ይጮኻል፣ ይንበረከካል፣ ፍቅረኛው ጋዜጠኛዋ ሎይስ ታቅፈዋለች፤ አለቀ። ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት የሚከታተለውን የጦር ኃይሉን ድሮን አውድሞ ከጄኔራሉ ጋር ሲነጋገር ነው፤ አንዲት መኮንንም በመልኩ ተማርካ ፈገግ ትላለች። በመካከሉ የሞቱትን የሚያስብ፣ እጁን የሚያይ፣ አንድ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ እንኳ የለም። እኛ ፊልሙን የምንከሰው በዚህ ነው። ግድያውን ሳይሆን ከግድያው በኋላ ያለውን ችኮላ እንወቅሳለን።

ሌላው የሚረሳው አሳዳጊ አባቱ ነው። በ1978ቱ ፊልም ጆናታን ኬንት በልብ ድካም ይሞታል፤ ልጁም ያን ሁሉ ኃይል ይዞ ሊያድነው አለመቻሉን ቆሞ ያያል። ትምህርቱ «ኃይልህ ወሰን አለው» የሚል ነው። በ2013ቱ አባትየው አውሎ ነፋስ ሲወስደው ልጁ እንዳይመጣ እጁን አንሥቶ ይከለክለዋል። ከዚያ በፊት ልጁ ውሃ ውስጥ የገባ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ አውጥቶ «ታዲያ ልተዋቸው ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባቱ «ምናልባት» ብሎታል። በ«ምናልባት» ያደገ ልጅ ጭንቅ ሲመጣ የሚመዝንበት ሚዛን ገና አልተሠራለትም። ስለዚህ ዞድን መግደሉ በዚያ ፊልም ውስጥ ከተሳለው ሰው ጋር አይጋጭም። የምትቃወሙት ካለ ክርክራችሁን ወደ አባትየው ውሰዱት፤ ሥሩ እዚያ ነው።

ከአንገቱ የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃም አለ፤ የከተማው ፍልሚያ። በ1980ው ፊልም ሱፐርማን ውጊያው ሕዝብ እየጎዳ መሆኑን ሲያይ ከተማውን ትቶ ይበራል። ሰዉ «ፈርቶ ሸሸ» ይለዋል፤ እሱ ግን ጠላቶቹን ከሰው አርቆ ወደ በረዶ ቤቱ ለመሳብ ነው የሄደው። ስሙ ሲጠፋ ችሎ ሰውን ማትረፉ ባሕርዩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ2013 ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደረመስ ውጊያውን ወደ ባዶ ቦታ ለመውሰድ የሚያደርገው ጥረት እምብዛም አይታይም። ክርክሩን ልታሸንፉ የምትፈልጉ «አበላሹት» ባዮች ይህን ያዙ።

ለሁለታችሁም የሚሆን ሥራ እንስጣችሁ። የ1978ቱና የ2013ቱ ፊልሞች እያንዳንዳቸው 143 ደቂቃ ናቸው፤ ስለዚህ መቁጠር ፍትሐዊ ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በአንዱ ወገን ሱፐርማን ስሙ ከማይታወቅ ተራ ሰው ጋር የሚነጋገርበትን ደቂቃ፣ በሌላው የሚደባደብበትን ደቂቃ መዝግቡ። ሞባይል ላይ ባለው ሰዓት ቆጣሪ ይሠራል። በአንድ ነገር ብቻ እንዳትሳሳቱ፤ የ1978ቱን ክሪስቶፈር ሪቭንና የ2013ቱን ሄንሪ ካቪልን «ክላርክን (ሱፐርማን እንደ ተራ ሰው ሲኖር ያለውን ስም) ማን የተሻለ ተጫወተው» ብላችሁ አታወዳድሩ። ካቪል በዚያ ፊልም ባለ መነጽሩ ጋዜጠኛ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ሎይስም ማንነቱን አስቀድማ ታውቃለች። ሪቭ ግን ሎይስ ቤት ውስጥ መነጽሩን አውልቆ ወገቡን የሚያቀናበት፣ ድምፁ የሚወፍርበት፣ እውነቱን ሊነግራት ብሎ ድፍረቱ ሲከዳው እንደገና የሚኮማተርበት ትዕይንት ተሰጥቶታል። አንዱ ዕድሉን አግኝቷል፣ ሌላው አላገኘም።

የ2025ቱን ዴቪድ ኮረንስዌትን ያነሣ ካለ ደግሞ ሁለት ትዕይንት ይበቃዋል። አንዱ ከግዙፉ አውሬ ጋር እየተዋጋ ሽኮኮ የምትመስለዋን ትንሽ እንስሳ የሚያድንበት ነው። ሁለተኛው ሎይስ «ማንን አማክረህ ነው ጦርነት ያስቆምከው?» ብላ ስታፋጥጠው የሚናደድበት ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው። ደግ ነው፣ ግን ሲነኩት ይቆጣል። የ1938ቱ ቁጡ ሰውዬ ጥቂት ተመልሷል ባይ ነን።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነው የምጽፈው። ታላቅ ወንድሜ ከማይክል ኪተን ሌላ ባትማን አላውቅም ይላል፤ «ባትማን ማለት እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው» ይለኛል። እኔ የሮበርት ፓቲንሰንን እወዳለሁ። ደግሞ ሁሉም «ባትማን አይገድልም» ሲሉ እሰማለሁ፤ በፊልሞቹ ግን ሰው ሲሞት አያለሁ።

መልስ፦ ወንድምህ የወደደው ሐውልትነት ግማሹ የልብሱ ሥራ ነው። በ1989 የኪተን የራስ መሸፈኛ ከአንገትና ከትከሻው ጋር አንድ ወጥ ስለነበር አንገቱን ብቻ ማዞር አይችልም ነበር፤ ወደ ጎን ለማየት ከወገቡ በላይ መዞር ነበረበት። ኪተን ይህን ችግር ወደ ጥቅም ለወጠው፤ እንቅስቃሴውን ቀነሰ፣ በዓይኑና በከንፈሩ ተጫወተ። በ2008ቱ ፊልም ብሩስ ዌይን (ባትማን ያለ ጭምብሉ) አንገቱን የሚያዞርበት ልብስ እንዲሠራለት በግልጽ ይጠይቃል። ተዋናዩን ከመፍረድህ በፊት ልብሱ ምን እንደፈቀደለት እይ።

ስለ መግደሉ፤ በ1939 በቦብ ኬንና በቢል ፊንገር የተጀመረው ባትማን በመጀመሪያው ታሪኩ ወንጀለኛው አሲድ ውስጥ ሲወድቅ የሚገባው ነው ብሎ ያልፋል። በ1940 ከአውሮፕላኑ በመትረየስ ተኩሷል። ከዚያ በኋላ ነው አዘጋጁ ዊትኒ ኤልስወርዝ መግደልንም ጠመንጃንም የከለከለው። በፊልም ግን ክልከላው ላላ ብሏል። ኪተን በ1992 ፈንጂ ወገቡ ላይ አስሮለት ፈገግ ብሎ የሚሄድበት ጡንቸኛ አለ። ክርስቲያን ቤል በ2005 ጠላቱን ሊወድቅ በተቃረበ ባቡር ውስጥ «አልገድልህም፣ ግን ላድንህም አልገደድም» ብሎ ይተወዋል፤ ይህ የጠበቃ ክርክር እንጂ መርሕ አይመስለንም። በ2008 ዋናውን ወንጀለኛ ጆከርን ከመውደቅ ሲያድነው፣ ወደ በቀል የዞረውን ዐቃቤ ሕግ ሃርቪ ዴንትን ግን ልጅ ለማትረፍ ሲል ገፍቶ ይጥለዋል። ቤን አፍሌክ በ2016 መኪናው ላይ መትረየስ ገጥሞ ነው የሚመጣው። ሕጉን አጥብቆ የያዘው ያንተው ፓቲንሰን ነው።

ወንድምህ ግን አንድ ነጥብ አለው። የፓቲንሰን ብሩስ ዌይን ከባትማኑ ብዙ አይለይም፤ ጭምብሉን አውልቆም ያው ያኮረፈ ልጅ ነው። ቤል ሦስት ሰው ይጫወታል፤ በግብዣ ላይ የሚንዘላዘለው ሀብታም፣ ከቤት አገልጋዩ ከአልፍሬድ ጋር ብቻውን ሲሆን ያለው እውነተኛው ሰው፣ ጉሮሮውን የሚያሻክረው ባትማን። ባሕርይ ማለት ፊት መለዋወጥ ከሆነ ቤል ይበልጣል።

ኪተን ሌባውን አንጠልጥሎ «እኔ ባትማን ነኝ» የሚለው መግቢያ በእኛ አገር ተመልካች ዘንድ የተወደደበት ምክንያት ሩቅ አይደለም፤ ፉከራ ነው። ስሙን ጠርቶ የሚገባ ጀግና እናውቃለን። የ2022ቱ ፊልም ጉብዝናው እዚህ ላይ ነው፤ ፓቲንሰንም መጀመሪያ ላይ «እኔ በቀል ነኝ» ብሎ ይፎክራል። መጨረሻ ላይ ግን ከወንጀለኞቹ አንዱ ያንኑ ፉከራ ቀምቶ መልሶ ሲለው ክው ይላል። ከዚያ በኋላ ድብደባውን ትቶ ቀይ መብራት ለኩሶ በጎርፉ ውስጥ የተያዙትን ሰዎች እየመራ ያወጣል። ለወንድምህ ይህን ቦታ ብቻ አሳየው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ። የትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ ሦስቱን ስፓይደርማኖች በአንድ ምሽት አወዳድሮ ማከራከር ይፈልጋል። ባለፈው አንድ ሙሉ ፊልም አሳይተን ተማሪው ግማሹ ተኛ፣ ግማሹ ሄደ። እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ሙሉ ፊልም አታሳዩ። ከእያንዳንዱ ተዋናይ ሦስት ቅንጫቢ፣ እያንዳንዱ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ፣ በድምሩ ዘጠኝ ቅንጫቢ ይበቃል። ወደ 45 ደቂቃ ይሆናል። ከየሦስቱ በኋላ 10 ደቂቃ ክርክር ብትጨምሩ በአንድ ሰዓት ከሩብ ታልቃላችሁ። ቅንጫቢዎቹን በተዋናይ ተራ አታስኬዱ፤ በፈተና ተራ አስኬዱ። ያለዚያ ተማሪው የሚወደውን ተዋናይ እንጂ ባሕርዩን አያይም።

የመጀመሪያው ፈተና ሌባውን መልቀቅ ነው። ቶቢ ማጓየር በ2002 ለሦስት ደቂቃ ትግል 3,000 ዶላር ተብሎ 100 ብቻ ሲሰጠው ተናዶ ሌባውን ያሳልፋል፤ ያ ሌባ አጎቱን ይገድላል። አንድሪው ጋርፊልድ በ2012 ለወተት 2 ሳንቲም ጎድሎት ባለሱቁ ሲያመናጭቀው ነው ሌባውን የሚተወው። ቂማቸው ይለያያል፤ የአንዱ የተበላ ገንዘብ ነው፣ የሌላው ተራ ንዴት። የትኛው ጥፋት ይቅር ይባላል ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል። ቶም ሆላንድ ይህ ትዕይንት የለውም። በምትኩ በ2017 ልብሱን የሰጠው ቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) መልሶ ልብሱን የሚነጥቅበትንና «ያለ ልብሱ ምንም ካልሆንክ፣ ልብሱ አይገባህም» የሚለውን አሳዩ።

ሁለተኛው ፈተና በጠብ መሐል ቀልድ ነው፤ በኮሚክሱ ስፓይደርማን አፉ አያርፍም። እዚህ ላይ ጋርፊልድ ይበልጣል፤ የመኪናው ሌባ ቢላ ሲያወጣ «ወይኔ፣ ድክመቴን አገኘኸው» እያለ የሚያፌዝበትን ውሰዱ። የማጓየር ቀልድ ጥቂት ነው። ከዚህ ጋር አንድ ነገር አያይዙ፤ የማጓየር ድር ከገዛ እጁ ይወጣል፣ የሌሎቹ ግን ራሳቸው በሠሩት መሣሪያ ነው። ድሩን ከሰውነቱ ስታወጡ የፈጠራ ችሎታው ከባሕርዩ ይቀነሳል። የኮሚክሱ ፒተር (ስፓይደርማን ያለ ጭምብሉ) ደሀ ቢሆንም ጭንቅላቱ ሀብታም ነው።

ሦስተኛው ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ነው። የማጓየር የ2004ቱ ባቡር፣ የጋርፊልድ የ2014ቱ የሰዓት ማማ፣ የሆላንድ የ2017ቱ የፍርስራሽ ሥር። የመጨረሻው በ1966 ከታተመው የስፓይደርማን ኮሚክስ ቁጥር 33 የተቀዳ ስለሆነ፣ «ሆላንድ ከኮሚክሱ ሩቅ ነው» ለሚል ልጅ ጥሩ መልስ ነው።

እያንዳንዱን ቅንጫቢ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ያህል ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩ። ሰውነቱን ብቻ ሲያዩ ተማሪዎቹ ያላስተዋሉትን ያስተውላሉ፤ ጋርፊልድ ሲቁነጠነጥ፣ ማጓየር ሲደነዝዝ፣ ሆላንድ እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ።

የሚበላሸው በሚከተሉት ነው። እጅ አስነሥቶ በመጀመሪያ ድምፅ ማስቆጠር፤ ልጁ አንዴ በሰው ፊት ከመረጠ በኋላ የሚከራከረው ለምርጫው እንጂ ለእውነቱ አይደለም። ድምፅ በመጨረሻ፣ በወረቀት ይሰጥ። መምህሩ ቀድሞ አስተያየት ከሰጠ ደግሞ ክርክሩ ሞተ ማለት ነው። ከሲኒማ ቤት በስውር በካሜራ የተቀረጸ ኮፒ አትጠቀሙ፤ ጨለማው ትዕይንት ጥቁር ድስት ይመስላል፣ የተዋናዩ ፊት አይታይም። ክፍሉ መስኮት ካለው ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉበት፤ መንዝ ውስጥ ባና አይጠፋም። መብራት ቢጠፋ እንዳትቋረጡ ቅንጫቢዎቹን በላፕቶፕ ላይ ቆርጣችሁ፣ ባትሪውን ሞልታችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ቶርን ቀልደኛ አድርገው አዋረዱት። የነጎድጓድ አምላክ ነበር፣ ኮሜዲያን ሆነ። አይመስላችሁም? — ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ግማሹን እንስማማለን። ቶር ከመጀመሪያው ያስቅ ነበር፤ በ2011 ስኒውን መሬት ላይ ሰብሮ «ድገሙኝ!» ያለው፣ የቤት እንስሳት መሸጫ ገብቶ ፈረስ የጠየቀው እሱ ነው። ያኔ ግን የምንስቀው በማዕረጉና ባለበት ቦታ አለመገጣጠም ነው፤ እሱ ራሱ አይቀልድም። ከ2017 ጀምሮ ቀልዱን ራሱ ያመጣዋል። ይህም ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በዚያ ፊልም አባቱን፣ መዶሻውን፣ አንድ ዓይኑን፣ አገሩን ያጣል፤ ሰው ሲጎዳ የሚቀልድ ሰው እናውቃለን።

ቅሬታችን ቀልዱ በሚያርፍበት ቦታ ነው። አገሩ አስጋርድ ስትፈርስ ጓደኛው ኮርግ «መሠረቱ ከተረፈ እንደገና እንገነባዋለን» ይላል፤ ወዲያው መሠረቱ ይፈነዳል፣ እሱም «ይቅርታ፣ መሠረቱም ሄደ» ይላል። አዳራሹ ይስቃል፤ የአገሩን መጥፋት የሚያይ ንጉሥ ግን ሦስት ሰከንድ እንኳ አይተዉለትም። በተቃራኒው በ2018 ሮኬት ከሚባለው ባልደረባው ጋር የጠፈር መርከብ ውስጥ ተቀምጦ የሞቱበትን ቤተሰቦቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ፈገግ ለማለት ሲሞክር፣ ዓይኑ ግን ሲያነባ አለ። ያው ተዋናይ፣ ያው ቀልደኛ፣ ነገር ግን ቀልዱ ሐዘኑን ሲሸፍን እናየዋለን። ክሪስ ሄምስዎርዝ ሁለቱንም ይችላል። በ2019 ሐዘኑ ቦርጭና ቢራ ሆኖ ሲመጣ ፊልሙ አንዴ ያዝንለታል አንዴ ይስቅበታል፤ በ2022 ሚዛኑ ጨርሶ ወደ ሳቁ አጋደለ። ያዋረዱት እዚያ ነው ብንል እንደፍራለን።

ጥያቄ፦ ከዓለም ከተማ። እኛ ሁሉንም በትርጉም ፊልም ነው የምናየው። የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን «እናንተ ያያችሁት ተርጓሚውን እንጂ አክተሩን አይደለም» ይሉናል። ለመከራከር መብት የለንም ማለት ነው?

መልስ፦ መብትስ አላችሁ፤ ማስረጃችሁን ግን መለየት አለባችሁ። በአንድ ሰው ድምፅ የሚተረክ ፊልም ሦስት ነገር ይወስዳል። መጀመሪያ የድምፅ ልዩነት ይጠፋል፤ የሪቭ ክላርክና የሪቭ ሱፐርማን በድምፅ ነው የሚለያዩት፣ ተራኪው አንድ ከሆነ ልዩነቱ በዓይን ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ ዝምታ ይሞላል። የ2022ቱ ባትማን ዝምተኛ ነው፤ ተራኪው ግን ዝም ካለ ተመልካቹ የሚሰለች ይመስለውና «አሁን እናቱን አስታውሶ ነው» እያለ ይቀጥላል። ሰዎቹም ባትማን ሐሳቡን የሚዘረግፍ ሰው ነው ብለው ይወጣሉ። በመጨረሻ ቀልድ ይጨመራል፤ የአራዳ ቋንቋና የሰፈር ስም ገብቶ የሳቃችሁበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተራኪው ንብረት ነው።

ተራኪዎቹን አንንቅም። ጥሩዎቹ ለየገጸ ባሕርዩ ድምፅ ይቀይራሉ፣ ሲያስፈልግ ዝም ይላሉ፤ ያለ እነሱ ፊልሙን የማያየው ሰው ብዙ ነው። ለክርክር ስትቀርቡ ግን ጀግናው ያደረገውን እንጂ አለ የተባለውን አትጥቀሱ። ሌባውን ለቀቀ፣ ጭምብሉን አወለቀ፣ እጁን ሰጠ፤ ይህን ተርጓሚ አይለውጠውም። ንግግር መጥቀስ ካለባችሁ ያንን ትዕይንት ብቻ በዋናው ድምፅ ደግማችሁ ተመልከቱ፤ ቋንቋው ባይገባችሁ እንኳ ድምፁ ከፍ ማለቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ መቆራረጡን ትሰማላችሁ።

ጥያቄ፦ በብላክ ፓንተር ፊልም ጠላትየው ኪልሞንገር ከጀግናው ከንጉሥ ቲቻላ ይልቅ ጠንካራ ባሕርይ አለው። ጀግናው ባዶ ነው። — ከአጣዬ

መልስ፦ ድምፁ ከፍ ያለ ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ቲቻላ በ2016 የአባቱን ገዳይ ካገኘው በኋላ በቀልን ትቶ ራሱን እንዳያጠፋ ይይዘዋል። በ2018 ደግሞ የሞቱ አባቶቹ ፊት ቆሞ «ተሳስታችኋል» ይላቸዋል፤ ንጉሥ ለሆነ ልጅ ከዚህ የሚከብድ ቃል የለም። ይህን እንዲል ያደረገው ኪልሞንገር ነው፤ ጠላቱን አሸንፎ ከጠላቱ ክስ እውነቱን የወሰደ ጀግና ባዶ ሊባል አይችልም። ቻድዊክ ቦዝማን የአፍሪካ ቅላጼ ይዞ ካልተናገርኩ ብሎ መጽናቱም ለዚያ ረጋ ያለ ንጉሥነት ጠቅሟል። ኪልሞንገር የተሻሉ ንግግሮች አሉት ብትሉን ግን አንከራከርም፤ አሉት።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር ነን። በስልክ የአምስት ደቂቃ የሱፐርሂሮ ፊልም ልንሠራ ነው። ኃይሉን አስበናል፤ ይበራል፣ አይሞትም፣ ሐሳብ ያነባል። ባሕርይ እንዴት እንስጠው?

መልስ፦ ሁለቱን ኃይል ዛሬውኑ ሰርዙ። በአምስት ደቂቃ ለሦስት ኃይል ቦታ የለም፤ የማይሞት ሰው ደግሞ የሚፈራው ነገር ስለሌለው ባሕርዩ አይታይም። ሐሳብ ማንበቡን ብትይዙ ይሻላል፤ ለመቅረጽም አያስወጣም። ከዚያ ዋጋ አድርጉበት፤ ለምሳሌ ያነበበውን ሰው ሕመም አብሮ ይታመማል። ቀጥሎ አንድ የማይጥሰውን ነገር ወስኑ፤ የገዛ እናቱን ሐሳብ አያነብም እንበል። ፊልማችሁ እንግዲህ ይህን የሚያስጥሰው ቀን ነው። የኢታን ኮሚክስን «ጀምበር» የተባለ የኢትዮጵያ ሱፐርሂሮ ኮሚክስ ተመልከቱ፤ በ2018 ሲወጣ የጀመረው ሥራ ከሚፈልግ አዲስ ተመራቂ ነው። ኃይሉ ከመምጣቱ በፊት ችግሩን እናውቀዋለን።

አንድ ገጽ ድርሰት በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ከአምስት ገጽ አትለፉ። በመጀመሪያው ገጽ ያለ ኃይሉ አንድ ነገር ሲመርጥ አሳዩት፤ ተራ የሚጠብቅበትን ወይም የሚቀድምበትን፣ የተሰጠውን ትርፍ መልስ የሚመልስበትን ወይም ኪሱ የሚከትበትን። በአራተኛው ገጽ ያንኑ ምርጫ በኃይሉ ይድገመው። በራሱ አንደበት «እኔ ደግ ነኝ» ካለ ያን መስመር አውጡት።

ፊቱን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑ። ትልልቆቹ ፊልሞች እንኳ በዚህ ተቸግረዋል፤ በ2008ቱ አይረን ማን ተዋናዩን ለማሳየት ካሜራውን ራስ ቁሩ ውስጥ ያለ አስመስለው ፊቱን ቀረቡ፣ የስፓይደርማንንም የጭምብል ዓይን ከ2016 ወዲህ የሚጠብና የሚሰፋ አደረጉት። እናንተ ያ ኮምፒውተር ስለሌላችሁ ዓይኑንና አፉን ክፍት ተዉ። ካባ ካስፈለገ የአንኮበር ነፋስ ፊቱ ላይ እንዳይጠመጥምበት ከታችኛው ጠርዝ ውስጥ በየስንዝሩ አንድ ሳንቲም ስፉበት። ጋቢ ለካባነት ይከብዳል፣ ትከሻ ላይም አይቆምም፤ ነጠላ ደግሞ ገና ነፋስ ሳይነካው ይበራል። መካከለኛ ውፍረት ያለው የመጋረጃ ጨርቅ ይሻላል።

ነፋሱ ከሁሉ በላይ የሚያጠፋው ድምፁን ነው። በስልኩ ማይክ ገደል አፋፍ ላይ ንግግር አትቅረጹ፤ ሹክሹክታው ሁሉ ይሰለቀጣል። ንግግሩን በሌላ ስልክ፣ ጨርቅ ባለበት ክፍል ውስጥ ቀድታችሁ በኋላ ግጠሙት፤ ወይም ውጭ ያሉትን ትዕይንቶች ያለ ንግግር ጻፏቸው፣ ለባሕርዩም ይጠቅማል። የውጩን መጀመሪያ፣ የቤት ውስጡን በኋላ ቅረጹ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ስልኩን በተዘጋ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ በጨርቅ እየጠረጋችሁ አትቸኩሉ። ብርዱ ባትሪ ስለሚበላ ፓወር ባንኩ ሰውነት ላይ፣ ከልብስ ሥር ይያዝ።

ለትወናው ከሰፈሩ ቀልደኛውን ሳይሆን ሲያዳምጥ ፊቱ የሚለዋወጠውን ልጅ ምረጡ። ሐሳብ የሚያነብ ሰው ሥራው ማዳመጥ ስለሆነ ከንግግሩ ይልቅ ሌላው ሲናገር የሱን ፊት አብዝታችሁ ቅረጹ፤ እያንዳንዱን ንግግር ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በተናጋሪው ላይ አንዴ በሚያዳምጠው ላይ።